የውኃ ልክ

እኔማ ናፍጣ ነኝ፤ ይህን አልደብቅም፤
ሸሚዜ ላይ ያለው ሽታው አይለቅም።
ዐሥር ዓመት ሙሉ ሞተር አከራይቼ፣
ሲያስል እያደመጥሁ ሕመሙን ለይቼ፣
የስንቱን ሰው ሽንኩርት በጭስ አጠጥቼ
ልጆች አሳደግሁ።

ታዲያ ባለፈው በጋ ወደ ስንሻው ጓሮ
ሰሌዳ መጣ አሉ በፈረስ ጋሪ ታስሮ፣
ፊቱ ጥቁር ሰማያዊ፣ የተላጨ፣ ልሙጥ፣
ድምፅ የለው፣ ሽታ የለው፣ ዘይት አያላምጥ።
“ናፍጣውስ የታለ?” ብል፣ ጣቱን ወደ ሰማይ
ቀስሮ ሳቀብኝ በሰው አደባባይ።
ፀሐይ ከዳንግላ ጉም ብቅ ስትል፣ ወዲያው
ከጉድጓድ ሽቅብ ወጣ ሳያጓራ ውኃው።

“ፀሐይ ሳለ ሩጥ” ይል የነበር ተረቱ
እግር አበቀለ፣ ሮጠ በየቤቱ።
የሰሌዳ ዋጋ ከላም ዋጋ ወርዶ
ዕቁብ የወጣለት ሁሉ ገዛ ሄዶ፤
ሃያ ሦስት ጉድጓድ፣ ሃያ ሦስት ጓሮ፤
የኔ ሞተር ደግሞ የዶሮ ቆጥ ሆነ ዘንድሮ።
ቂም ይዤ ነበረ።

የናፍጣ አንድ ደግነት፣ ሲያልቅ ዝም ይላል፤
ኪሱን የዳበሰም በጊዜ ያጠፋል።
ፀሐይ ግን አትከፈል፣ ደረሰኝ አትሰጥ፣
ማን ተነሥቶ ይዝጋው ውኃው ሲገላበጥ?
ሽንኩርቱ ጠገበ፣ በሰበሰ ከሥሩ፣
በጥር ወር ጨቀየ የመንደሩ በሩ።
ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ግን ማንን?
ያን ዓመት የወሰደው ራሱን፣ ራሱን።

በየካቲት አጋማሽ ከባሕር ዳር መጣች፣
ገመድና ደብተር በጀርባዋ ያዘለች፣
አንጓች የሚሏት፣ የቄስ ይዘንጋው ልጅ ነች።
ከጉድጓዱ አፋፍ በሆዷ ተኛች፤
ገመዱን ለቀቀች፣ ጆሮዋን አቀናች።
“ጢጥ” አለ ከታች፣ ከሩቅ፣ ከጨለማው።
“በጥቅምት ስድስት ሜትር፤ ዛሬ ዐሥራ አንድ ነው።
ፀሐይዋ አላጠፋች፣ ሰሌዳውም ልክ ነው፤
ልክ የጠፋው” አለች “ከመዝጊያው ላይ ነው።”

ከሽንኩርቱ መሀል ቀብራ ያቆመችው
የጣት ያህል ነገር ሦስት ቀለም አለው፤
ቀይ ሲበራ ጥም ነው፤ አረንጓዴ፣ ደኅና፤
ሰማያዊው “በቃኝ” ነው፣ ዝጋውና ና።
ስንሻው በሳቅ ፈረሰ፦ “ስድሳ ዓመት ያረስሁት
መሬት ዛሬ ገና አፍ አወጣ በሉት!”
እኔ ግን አልሳቅሁም። ሞተር ያደነቆረው
ጆሮዬ ያን ቀለም ምን ብሎ እንደ ሰማው!

በወፍጮ ቤቱ ጥላ ተሰብስበው ውለው፣
“ማን ይክፈት? ማን ይዝጋ?” ተባብለው፣ ተጣልተው፣
ነጠላዋን አጥብቃ አንዲት ሴት ብድግ አለች፦
“ያ ናፍጣ የታለ?” ብላ ጮኸች፤
“አንዲት ደቂቃ እንኳ ለሰው የማይምር፣
ሰዓት እንደ ሳንቲም ሲቆጥር የሚኖር!”
ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ዘይት የጠጣውን
የኪራይ ደብተሬን ገልብጬ ጀርባውን
ሃያ ሦስት ስም ጻፍሁ፦ ተራ፣ ሰዓት፣ መዝጊያ፤
በግርጌው ላይ ደግሞ የጉድጓዱ መለኪያ።

ግንቦት ሲገባ ገመዱን እኔ ጣልሁ፤
በሆዴ ተኝቼ ጨለማውን አየሁ።
ዘጠኝ ሜትር ተኩል።
ዝናቡ ይሁን እኛ፣ አንጓችም አልለየች፤
“ሌላ በጋ እንጠብቅ” ብላ ጽፋ ሄደች።
ሞልቷል አልል እኔም። ግን ከታች፣ ርቃ፣
ፀሐይዋ ሳንቲም አክላ፣ በውኃው ተጠልቃ
ትንቀጠቀጣለች።
ብድር ናት፣ አልሁ በልቤ።
ተነሥቼ ዘጋሁ።
ነገ ከሦስት ሰዓት፦ ያቺው ሴት፣ ባንችአየሁ።